የአሮጌ ፒክአፕ ካሶኒን ወደ ተሳቢ መለወጥ፦ የመኪናው አክስል እንዳለ ይቆይ ወይስ አዲስ ይገጠም?

ጠያቂ፦ የአውሮራ ነዋሪ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በኮሎራዶ ግዛት በአውሮራ ከተማ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። አንድ ጎረቤቴ ሞተሩ ነክሶ በግቢው የቆመ የ1994 ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ አለው። ካሶኒው ባለ 8 ጫማ ሲሆን፣ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ከሚታየው ጥቂት ዝገት በቀር ላሜራው ጤነኛ ነው፤ የኋላ መዝጊያውም ሳይንገራገጭ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ከሚሰጠው ለእኔ በቅናሽ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ስለ ሆነ፣ ካሶኒውን ወደ ተሳቢ ለውጬ ለሁለት ጉዳይ ልገለገልበት አስቤአለሁ።

አንደኛው የእድራችንን ድንኳን፣ ወንበሮችና ትልልቅ ድስቶች ለቅሶ ወይም በዓል ወዳለበት ቤት ማድረስ ነው፤ እስካሁን ይህን የምናደርገው በየጊዜው የጭነት መኪና እየተከራየን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ከቤተሰቤ ጋር ወደ ተራራው ወጥተን የምናድርበት እንዲሆነን ነው። የሚጎትተው መኪና ባለ 6 ሲሊንደር ቶዮታ ሃይላንደር ሲሆን፣ የመጎተቻ ዝግጅቱ ከፋብሪካ ስላለው መመሪያው እስከ 5,000 ፓውንድ ይፈቅድለታል።

ያነበብሁትና ያየሁት ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቹ የመኪናውን ሻንሲ ከጋቢናው ጀርባ ቆርጠው፣ ከነባሌስትራውና ከነዲፈረንሻሉ እንዳለ ይጠቀሙበታል። ሌሎቹ ካሶኒውን ብቻ አውርደው ለተሳቢ ተብሎ በተሠራ አዲስ አክስል ላይ ያስቀምጡታል። ልጆቼን ጭኜ የምጎትተው ዕቃ ስለ ሆነ፣ ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደኅንነቱ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ የሠራ ወይም ሲሠራ በቅርብ ያየ ሰው የትኛውን መንገድ እንደሚመርጥና ለምን እንደሚመርጥ ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የረጅም መንገድ ሹፌር

ወንድማችን፣ ሐሳብዎ መልካም ነው። እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ጋራዥ ውስጥ ስሠራ የቆየሁ ሲሆን፣ አሁን መተዳደሪያዬ ተሳቢ መጎተት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ሻንሲውን ከነባሌስትራውና ከነአክስሉ እንዳለ መጠቀም ይሻላል። በቤት የሚሠራ ተሳቢ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በብየዳው ጥንካሬ ማነስ ሳይሆን፣ አክስሉ ከሻንሲው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ባለመቀመጡ ነው። እንዲህ ያለ ተሳቢ አንድ ጎን ይዞ ይሄዳል፣ ጎማውንም በአጭር ጊዜ ይበላል። ፋብሪካው ያሰረው ሻንሲ ግን ልኩ የተጠበቀ ነው፤ የካሶኒው ቡሎኖችም የተሠራላቸውን ቀዳዳ እንደያዙ ይቆያሉ፤ ጎማውም በፓራፋንጎው መሃል ይቀመጣል።

ከመቁረጥዎ በፊት ግን የነዳጁን ነገር አደራ እላለሁ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ኤፍ-150ዎች ሁለት የነዳጅ ታንክ አላቸው፤ አንዱ በሻንሲው ግራ በኩል ወደ መሃል፣ ሌላው ከኋላው አክስል በስተጀርባ ይገኛል። ነዳጁ ተቀድቶ ያለቀ ታንክ በውስጡ የሚቀረው ትነት በአንዲት የግራይንደር ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላልና፣ ሁለቱም ታንኮች ከነቧንቧቸው ወርደው ከሥራው ቦታ ርቀው ሳይወሰዱ ግራይንደርም ሆነ ብየዳ አይነሣ። ታንኮቹ ከወረዱ በኋላ በካሶኒው ግራ ጎን ሁለት የነዳጅ መሙያ መስኮቶች ባዶ ይቀራሉ። እነዚያን በላሜራ አይድፈኗቸው፤ አንዱ የውኃ መሙያ፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ገመድ ማስገቢያ ይሆናል፤ መዝጊያቸውም ከፋብሪካ የወጣ ስለ ሆነ አቧራ አያስገባም።

ሻንሲውን ከጋቢናው ጀርባ የቻሉትን ያህል አስረዝመው ይቁረጡት። መጎተቻ ክንዱን የሚሠሩት ባለ 2 በ4 ኢንች ወፍራም ቱቦላሬ በሁለት ወገን ወደ መሃል እያጠበበ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቢገናኝ መልካም ነው፤ በገበያ ላይ የሚገኘው የኳስ ማቀፊያ (በመኪናው ኋላ ያለውን የመጎተቻ ኳስ የሚይዘው የክንዱ አፍ) አብዛኛው ለ50 ዲግሪ ማዕዘን የተሠራ ስለ ሆነ ማዕዘኑን በዚያው ልክ ይያዙት። ቱቦላሬው ከሻንሲው ጫፍ ጋር አፍ ለአፍ እንዲበየድ አይፍቀዱ። በሻንሲው ሥር ገብቶ ተደራርቦ ይቀመጥ፤ ብየዳውም የሻንሲውን ርዝመት ተከትሎ ይሂድ እንጂ የታችኛውን ከንፈር አቋርጦ አይለፍ። ጭነት ሲጨንቀው ስንጥቅ የሚጀምረው እንዲያ ባለው አቋራጭ ብየዳ ላይ ነው።

ከኳሱ እስከ ካሶኒው ፊት ያለው ርቀት 4 ጫማ ያህል ቢሆን እመክራለሁ። ክንዱ ካጠረ በጠባብ ቦታ ሲዞሩ የካሶኒው ማዕዘን የሃይላንደሩን የኋላ መብራት ይመታል። በተጨማሪም አጭር ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ መሪውን ጥቂት እንዳነቃነቁ ወዲያው ይታጠፋል። እኔ በየዕለቱ ባለ 53 ጫማ ተሳቢ ወደ ኋላ አስገባለሁ፤ ከዚያ ይልቅ የሚያስቸግረኝ አጭሩ ነው።

ክብደቱን በሚመለከት፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በአውራ ጎዳና ላይ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መወዛወዙ ከበረታም የሚጎትተውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ መሬት የመያዝ አቅማቸውን ያጣሉ። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም። በየከባድ መኪና ማረፊያው ያለው ካት ስኬል የተባለው ሚዛን ለእኛ ለሹፌሮች ብቻ የተተከለ አይደለም፤ ማንኛውም ሰው ከፍሎ ይመዝንበታል። መጀመሪያ ተሳቢውን ጭነው፣ ከመኪናው ጋር አያይዘው የመኪናው የፊት ጎማ በመጀመሪያው መድረክ፣ የኋላው በሁለተኛው፣ የተሳቢው ጎማ በሦስተኛው ላይ እንዲቆም አድርገው ይመዝኑ። ከዚያ ተሳቢውን ፈትተው መኪናውን ብቻ ከነቤተሰብዎ ይመዝኑ። ለምሳሌ መኪናው ብቻውን 5,000 ፓውንድ ቢመዝን፣ ተሳቢው ሲያያዝ 5,260 ቢሆንና በተሳቢው ጎማ ላይ 2,140 ቢያርፍ፣ ኳሱ ላይ ያለው 260 ፓውንድ፣ የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ 2,400 ፓውንድ ነው ማለት ነው። ይህም ወደ 11 በመቶ ስለሚጠጋ ደግ ልክ ነው።

መልስ፦ ብየዳ ሠራተኛ ከዴንቨር

ወንድሜ ሹፌሩ ስለ ሻንሲውና ስለ ክንዱ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ። በአክስሉ ላይ ግን ሐሳባችን ይለያያል። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ፍሬን።

ጠያቂያችን የሚኖሩት በአውሮራ ነው፤ ወደ ተራራ ለመውጣትም አይ-70 የተባለውን አውራ ጎዳና መያዛቸው አይቀርም። የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ዴንቨር ደግሞ 5,280 ጫማ ላይ ናት። ከዋሻው ወደ ቤት ሲመለሱ ቁልቁለቱ በየቦታው ከ6 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። የኮሎራዶ ሕግ ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,000 ፓውንድ በታች በሆነ ተሳቢ ላይ ፍሬን እንዲኖር አያስገድድም፤ ብዙ ሌሎች ግዛቶችም ወሰናቸው እዚያው ላይ ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱ ሕጉን አይጠይቅም። ድንኳን፣ ውኃና ምግብ የጫነ ተሳቢ ከኋላ እየገፋ፣ የሃይላንደሩ ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ መንገድ እንዲሸከም ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

የፎርዱ የኋላ አክስል የራሱ የፍሬን ሸራና ከበሮ አለው፤ የሚሠራው ግን በዘይት ግፊት ነው። ያን ለማስነሣት ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ ዘይቱን የሚጫን ልዩ ማቀፊያ ያስፈልጋል። የዚህ ችግሩ ወደ ኋላ ሲሄዱም ያው ግፊት ስለሚፈጠር ፍሬኑ መያዙ ነው፤ በተለይ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መግባት ፈተና ይሆናል። ለዚህ መፍትሔ ቢኖርም የመኪና ከበሮ ለዚያ ታስቦ አልተሠራም። በአንጻሩ ለተሳቢ የተሠራ ባለ 3,500 ፓውንድ አክስል ባለ 10 ኢንች የኤሌክትሪክ ፍሬን ተገጥሞለት ይገዛል፤ ፍሬኑም በቡሎን የሚታሰር ስለ ሆነ ነገ ቢበላሽ ሙሉው በቀላሉ ይቀየራል። ሾፌሩ ከወንበሩ ሆኖ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው ሊይዝ መቻሉም ተሳቢው መወዛወዝ በጀመረ ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚያስፈልገው በመኪናው ውስጥ የፍሬን መቆጣጠሪያ፣ ከኋላ ደግሞ በተለመደው ባለ አራት ሽቦ መሰኪያ ፋንታ ባለ ሰባት ሽቦ መሰኪያ ነው። ተሳቢው ከኳሱ ቢያመልጥ ፍሬኑን በራሱ የሚይዝ ማብሪያና ትንሽ ባትሪም አይርሱ።

ሁለተኛው ነገር ዲፈረንሻሉ ራሱ ነው። አንዳንድ ሰው ዲፈረንሻሉን ባዶ አድርጎ ለማቅለል ያስባል። በብዙዎቹ የ3/4 እና የ1 ቶን መኪኖች ላይ ጎማውን የሚሸከመው የአክስሉ ቱቦ ስለ ሆነ፣ ሴሚያስ የሚባሉትን የውስጥ ዘንጎች መዝዞ አፉን መክደን ይቻላል። በኤፍ-150 ላይ ግን ጎማውን የተሸከመው ሴሚያሱ ራሱ ነው፤ እርሱንም ይዞ የሚያስቀረው በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት መያዣ ናት። ውስጡን ያወጣ ሰው ጎማው ከነሴሚያሱ መንገድ ላይ ሊወጣበት ይችላል። የጎማው ኩሽኔታ የሚለሰልሰውም በዲፈረንሻሉ ዘይት ነው። ስለዚህ አሮጌው አክስል ይቆይ ከተባለ እንዳለ፣ ከነዘይቱ፣ ከፊት ያለው የዘንግ መያዣም ሳይነቀል ይቀመጣል፤ ያ ሁሉ ክብደት ግን ምንም ሳይሠራ ይጎተታል ማለት ነው። ሃይላንደር ይችለዋል። ሌሎች አንባቢዎች ግን ልብ ይበሉ፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ራቭ4 መኪኖች የሚፈቀድላቸው ከ1,500 እስከ 1,750 ፓውንድ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ተሳቢ ባዶውን እንኳ ከ1,000 ፓውንድ ያልፋል።

እኔ የምመክረው የፋብሪካውን ሻንሲና ባሌስትራ እንዳለ ይዞ አክስሉን ብቻ መለወጥ ነው። በሁለቱ ባሌስትራዎች መካከል ያለውን ርቀትና ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ስፋት ለክተው ያን ልክ ሰጥተው አክስሉን ያሠራሉ። ሹፌሩ ወንድማችን ያነሡት የማዕዘን ልክ በዚህ መንገድም ይጠበቃል፤ ባሌስትራው ራሱ ቦታውን ይመራልና። ከሁለቱም ጎን ጠንካራውን የታች ቅጠል ቢያወጡለት ደግሞ ባዶውን ሲሄድ አይዘልም። አሞርዛተሮቹንም መልሰው ይግጠሙ፤ በተሳቢ ላይ አያስፈልጉም የሚል ሰው ካለ የኮሎራዶን የጠጠር መንገድ አላየም።

የአውሮራ ነዋሪ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልጠየቅሁትን ጭምር ነው የመለሳችሁልኝ፤ በተለይ የሴሚያሱ ነገር ፈጽሞ በሐሳቤ አልነበረም። የፍሬኑ ክርክር አሳምኖኛል። አሁን ሁለት ነገር ይቀረኛል። ካሶኒውን በክዳን ሸፍኜ ውስጡ መተኛት ይቻላል ወይስ ድንኳን ከላዩ ላይ ብተክል ይሻላል? ባለቤቴ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ ጀበናውን ይዘን ወደ ውስጥ እንገባለን ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሁለተኛ፣ መኪናው ተቆርጦ ተሳቢ ሲሆን የሰነዱ ጉዳይ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ የኤስተስ ፓርክ ወዳጅ

ወንድሜ፣ ከባለቤትዎ ጥያቄ ልነሣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነውና። ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ በምንም ምክንያት ወደተከደነ ካሶኒ መግባት የለበትም። ከሰል ሲነድም ሆነ ረመጡ ሲከስም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፤ በትንሽ ቦታ ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ መተው አይበቃም። ጠዋት ብርዱ ሲያይል «ረመጡ ለሙቀት ይቆይ» የሚለው ሐሳብ በእኛ ቤት የተለመደ ስለ ሆነ ነው አስረግጬ የምጽፈው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዝተው ከፍራሹ አጠገብ ይስቀሉ። በተረፈ በኮሎራዶ በበጋው ድርቅ ጊዜ የእሳት ክልከላ ይታወጃል፤ ክልከላው ሲጠብቅ ከውጭም ቢሆን ከሰል ማንደድ አይፈቀድም፤ መዝጊያ ቁልፍ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ ለጀበናው ከወዲሁ የጋዝ ምድጃ ይያዙ፤ ቡናው ከውጭ፣ በኋላ መዝጊያው ላይ ይፈላል። ዝናቡን ለመከላከል ከክዳኑ ጠርዝ ተነሥቶ በሁለት ምሰሶ የሚወጠር ሸራ ይበቃል።

ስለ ክዳኑ፣ ለባለ 8 ጫማ የፎርድ ካሶኒ የተሠራ ያገለገለ የፋይበርግላስ ክዳን ፈልገው ማግኘት አይከብድዎትም። ከ1987 እስከ 1996 የተሠሩትን የሚገጥም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የፊቱና የኋላው ስፋትም መግጠም አለበት። በከንፈሩ ዙሪያ አዲስ የስፖንጅ ማሸጊያ ይለጥፉለት፤ አሮጌው ውኃ ያስገባል። ከላዩ ድንኳን መትከል ካሰቡ ግን ክብደቱን ክዳኑ አይሸከመው። ቆሞ ሲታይ ጠንካራ የሚመስለው ፋይበርግላስ በጉድጓዳማ መንገድ ሲናጥ ይሰነጠቃል። ከካሶኒው ጠርዝ ላይ የሚነሣ የአንጎላሬ ወይም የቱቦላሬ መደርደሪያ ይሠራለትና ድንኳኑ በዚያ ላይ ይረፍ።

በፓራፋንጎዎቹ መካከል ባለ 4 በ8 ጫማ ኮምፔንሳቶ ተጋድሞ ይገባል። እኛ ቤት የሠራነው ከፓራፋንጎው ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ሲሆን፣ ፍራሹ በላዩ፣ ዕቃው በመሳቢያ ከሥሩ ይሆናል። መደቡን በድፍን ጣውላ አይሸፍኑት፤ በርብራብ ይሠራ። በተራራ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የሁለት ሰው ትንፋሽ ከፍራሹ ሥር ጤዛ ይሆንና፣ አየር ካላገኘ ፍራሹን ያሻግተዋል። የእድሩ ዕቃ በሚጫንበት ጊዜ መደቡ መነሣት ስለሚኖርበት በቡሎንና በዳዶ የሚፈታ ይሁን እንጂ በምስማር አይመታ።

ወንድሞቻችን ስለ ክብደት የነገሩንን በማደሪያ ሥራ ላይ ሁሉም ሰው ይረሳዋል። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ባለ 20 ጋሎን ታንክ ሲሞላ ወደ 167 ፓውንድ ይደርሳል። ያን ከኋላ መዝጊያው አጠገብ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ማስቀመጥ ለአገልግሎት ይመች ይሆናል፤ ኳሱ ላይ ማረፍ የሚገባውን ክብደት ግን ይሰርቃል። የውኃው ቦታ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፤ ቧንቧው ወደ ኋላ ይምጣ። ሌላም አደጋ አለ፤ ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ በቆመበት ሁለት ሰው ከኋላ በኩል ቢወጣ ክንዱ ተነሥቶ ካሶኒው ወደ ኋላ ሊወርድ ይችላል። በኋላ ማዕዘኖቹ ላይ ሁለት የሚወርዱ ደጋፊ እግሮች ሳይገጠሙ፣ ጎማውም በሁለቱም ወገን ሳይታገድ ልጆች አይግቡበት።

በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው ደኖች ድብ አለ። የክዳን መስኮት ለድብ መከላከያ አይደለም፤ በርበሬ፣ ቅቤና ሥጋ ይዘው ከሆነ በተለይ። በካምፑ የብረት የምግብ ሳጥን ካለ ምግቡ ሁሉ እዚያ ይደር፤ ከሌለ በመኪናው ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ተቆልፎ ይደር፤ ሰው በተኛበት ካሶኒ ውስጥ ግን ፍርፋሪም አይቅር።

መልስ፦ ወረቀት የሚገባኝ

ስለ ሰነዱ አጭር መልስ ልስጥ። መኪናው ከመቆረጡ በፊት የባለቤትነት ሰነዱ በጎረቤትዎ ፊርማ ወደ እርስዎ መዛወሩን ያረጋግጡ፤ የሽያጭ ውልም በጽሑፍ ይኑራችሁ። ታይትል (የባለቤትነት ሰነዱ) የጠፋበት መኪና ቢሆን እንኳ አዲስ ቅጂ ጎረቤትዎ ራሳቸው ያውጡ እንጂ ያለ ሰነድ አይረከቡ። ካሶኒው ከየት እንደ መጣ ማሳየት ካልቻሉ ነገ ሥራው ሁሉ በጠፋ ንብረት ጥርጣሬ ሊቆም ይችላል።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳ ከጋቢናው ጋር ይሄዳል። ያን ነቅሎ በተሳቢው ላይ መለጠፍ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ «የራሴ መኪና ነው» ማለት አያድንም። በቤት ለተሠራ ተሳቢ ግዛቱ የራሱን አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ካውንቲው የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ሄደው የትኛውን ቅጽ፣ የትኛውን ምርመራ እንደሚጠይቁ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ካውንቲ ከካውንቲ አሠራሩ ይለያያልና የሌላ ሰው ታሪክ ይዘው አይጀምሩ። የአክስሉን፣ የማቀፊያውን፣ የብረቱንና የመብራቱን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ ከካት ስኬል የሚሰጠው የክብደት ወረቀትም እዚያው ይግባ። ሥራው በየደረጃው ፎቶ ቢነሣ ደግሞ መርማሪው ፊት ብዙ ንግግር ይቀንስልዎታል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የጎታቹ መኪና ፖሊሲ ይሸፍናል፤ ተሳቢው ራሱና የጫነው ንብረት ግን በዚያ ውስጥ ላይገባ ይችላል። የእድር ንብረት የሚጭኑ ከሆነና አልፎ አልፎም ሌላ የእድሩ አባል በራሱ መኪና የሚጎትተው ከሆነ፣ ይህን ለኢንሹራንስ ኩባንያዎ በግልጽ ተናግረው መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። እድሩም በቃለ ጉባኤው ላይ ማን እንደሚጎትት፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል ቢያሰፍር መልካም ነው፤ በበጎ ፈቃድ የተጀመረ ነገር ወዳጅነት የሚያበላሸው እንዲህ ያለው ሳይነገር ሲቀር ነው።

መልስ፦ የረጅም መንገድ ሹፌር

ስለ ፍሬኑ የዴንቨሩ ወንድማችን ያቀረቡት ምክንያት ትክክል ነው፤ ለአይ-70 እኔም አዲሱን አክስል እመርጣለሁ። ዕቃ ከአውሮራ ወደ ዴንቨር ብቻ የሚያመላልስ ሰው ቢሆን ኖሮ በአሮጌው ላይ እጸና ነበር። አሁን ስለ መብራቱ ልጨምር፤ ማንም አላነሣውምና።

የፎርዱ የኋላ መብራቶች በካሶኒው ላይ ስላሉ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። በዚህ መኪና ላይ የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው አንድ ቀይ አምፖል ስለሚጋሩ ከተሳቢ ሽቦ ጋር ያለ ችግር ይስማማል፤ ነጩ ሽቦ ለምድር፣ ቡናማው ለሌሊት መብራት፣ ቢጫው ለግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው ለቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። ሃይላንደሩ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ለየብቻ ከሆኑ መለወጫ ያለው ሽቦ ይገዛል። ብዙ ሰው የሚያስቸግረው ነጩ ሽቦ ነው። የምድር መስመሩ በኳሱና በብረቱ በኩል ያልፋል ብለው ይተዉታል፤ ኳሱ ላይ ቅባትና ዝገት ስላለ ፍሬቻ ሲያበሩ ሌላው መብራት ይደበዝዛል። ነጩን ሽቦ ከመሰኪያው እስከ እያንዳንዱ መብራት ድረስ ለብቻው ይዘርጉት። ከፊት በኩል በሁለቱም ጎን ብርቱካናማ የጎን መብራትና አንጸባራቂ ይጨመር፤ ከኋላ ጎኑ ቀይ ይሁን። ካሶኒው 79 ኢንች ያህል ስለሚሰፋ 80 ኢንች ለሚሞሉ ተሳቢዎች የተደነገገው ተጨማሪ የከፍታ መብራት አይመለከትዎትም፤ ከጎን የሚወጣ መደርደሪያ ወይም ሰፊ ፓራፋንጎ ጨምረው ያን ልክ ካለፉ ግን ይመለከትዎታል።

የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ሁለት ይሁኑ፤ ከክንዱ ሥር ተላልፈው ይታሰሩ። ማቀፊያው ከኳሱ ቢወጣ ክንዱ በተላለፉት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱ ውስጥ አይሰካም።

የአውሮራ ነዋሪ፦

ወንድሞቼ፣ እኅቴ፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ውሳኔዬ የፋብሪካው ሻንሲና ባሌስትራ፣ በእርሱም ላይ አዲስ አክስል ከኤሌክትሪክ ፍሬን ጋር ሆኗል። ምድጃው ከውጭ እንደሚቀር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። አክስሉን ከማዘዜ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የፎርዱን ቸርኬዎች ለአዲሱ አክስል መጠቀም እችላለሁን?

መልስ፦ ብየዳ ሠራተኛ ከዴንቨር

ይችላሉ፤ ግን ሲያዝዙ ይንገሯቸው። የዚያ ዘመን ኤፍ-150 ቸርኬ አምስት ቡሎን በ5.5 ኢንች ክብ ላይ የያዘ ነው፤ በባለ 3,500 ፓውንድ አክስል ላይ በብዛት የሚመጣው ግን አምስት በ4.5 ነው። በ5.5 የተበሳ ከበሮ ተፈልጎ ስለሚገኝ ያን ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ የፎርዱ ተቀያሪ ጎማም ያገለግልዎታል። ጎማዎቹ ግን ቆመው የከረሙ ስለ ሆኑ ጥርሳቸው ቢያምርም አይመኑዋቸው፤ በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች ይመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያመለክታሉ። አኃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ወዲያው ይጣል። አዲስ ሲገዙ ለተሳቢ የተሠራውን ከመረጡ የተፈቀደለትን ፍጥነት ያንብቡ፤ አንዳንዶቹ በሰዓት በ65 ማይል የተወሰኑ ናቸው። ስፋቱን የሚለኩት ደግሞ አዲሶቹ ጎማዎች በቸርኬው ላይ ከተገጠሙ በኋላ ይሁን፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ የሁለት ጣት ክፍተት መኖሩን አረጋግጠው ልኩን ለአክስል ሠሪው ይስጡ።